እማዬ አልዋሸችም፣ ጉበቷ ነው

ጽሑፉን የላከልኝ ወንድሜ ነው። ከሥሩ «ይኸው፣ አላልኩሽም?» ብሎ ጨምሮበታል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ቴሌግራም ላይ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ሲዘዋወር የከረመ ነው። ጠቅላላ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስኳር ወደ ሰውነት የሚገባው በአፍ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አፉን የዘጋ ሰው ስኳሩ አይጨምርም፣ ከጨመረ ወይ ማሽኑ ተበላሽቷል ወይ ሰውየው ተደብቆ በልቷል። ከዚህ ተነስቶ ስለ ቦርጭ፣ ስለ ሥጋ፣ ስለ ጾም፣ ስለ አረቄ፣ ስለ መድኃኒት ሳይቀር ይመክራል።

አንብቤ ልተወው ነበር። «ተደብቆ በልቷል» የምትለዋ ግን አላስቻለችኝም። ይህች ነገር እኛ ቤት ሰው አስለቅሳለች።

እማዬ ስኳር ከተገኘባት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፣ ዓይነት ሁለት የሚባለው። አምና ክረምት ላይ ማታ ስትተኛ 126 የነበረው ስኳሯ ጠዋት ስትነሳ 161 ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም። በየቀኑ ሆነ። እሷ «ከራት በኋላ ከውሃ በቀር የቀመስኩት የለም» ትላለች። ወንድሜ አዲስ ማሽን ገዛ። አዲሱም ያንኑ አለ። ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው የማር ብልቃጥ ጎድሎ ተገኘ፣ ተፈረደባት። ቁም ሳጥኑን ቆለፍነው፣ ቁልፉን እኔ ያዝኩት። እኔ! ባዮኬሚስትሪ የማስተምረው፣ ጉበት ስኳር እንዴት እንደሚሠራ በየዓመቱ ሰሌዳ ሙሉ የምስለው። ያኔ እማዬ ቁልፉን እጄ ላይ አይታ ምንም አላለችም። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለጸሐፊው ብቻ አይደለም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ስኳር በአፍ ብቻ ይገባል ይላል። እሺ፣ እንመዝነው። በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዞረው ግሉኮስ (የደም ስኳር የምንለው) ተሰብስቦ ቢመዘን 5 ግራም ገደማ ነው፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ። አንጎል ብቻውን ግን በቀን 120 ግራም ያህል ይጨርሳል። ቀይ የደም ሕዋሳት ደግሞ ሚቶኮንድሪያ የሚባለው የሕዋስ ምድጃ ስለሌላቸው ከግሉኮስ በቀር ሌላ ነዳጅ አያውቁም። ታዲያ ማታ ሁለት ሰዓት ራት በልተን ጠዋት ሁለት ሰዓት ቁርስ እስክንቀርብ ድረስ ያቺ አንድ ማንኪያ እንዴት አዳረሰችን? ጸሐፊው ያለው እውነት ቢሆን ኖሮ የበላነው ራት ተፈጭቶ እንዳለቀ እንቅልፋችን ውስጥ ሆነን ራሳችንን እንስት ነበር።

ሌሊቱን የሚያሳድረን ጉበት ነው። ጉበት ቀን ከበላነው ላይ ግላይኮጅን የሚባል ክምችት ይይዛል፣ 100 ግራም ገደማ። ማታ ያንን እየቆረሰ ወደ ደም ይለቃል። ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ጎን ለጎን ስኳር ካልሆኑ ነገሮች አዲስ ስኳር ይሠራል። ግሉኮኒዮጀነሲስ ይሉታል። ስሙ ነው የሚያስፈራው እንጂ ትርጉሙ አዲስ ስኳር መሥራት ነው። ጥሬ ዕቃዎቹም የታወቁ ናቸው፦ ላክቴት፣ ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶችና ስብ ሲፈርስ የሚወጣው ግሊሴሮል። ኩላሊትም ይህንኑ ሥራ በትንሹ ያግዛል።

ላክቴቱን ሁልጊዜ የማስረዳው በሯጭ ነው። ማለዳ እንጦጦ ሽቅብ የሚሮጥ ልጅ እግሩ ሲግል ጡንቻው ግሉኮሱን በጥድፊያ ያቃጥልና ላክቴት ወደ ደም ይለቃል። ሰው ቆሻሻ ነው ይለዋል። ጉበት ግን ለቅሞ፣ መልሶ ግሉኮስ አድርጎ ይልክለታል። ይህን ምልልስ የገለጹት ፕራግ ተወልደው አሜሪካ የሠሩት ባልና ሚስት፣ ካርል እና ገርቲ ኮሪ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1929። ዑደቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። (ገርቲ በ1947 በሕክምና ዘርፍ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ከባሏ እኩል እየሠራች በቅጡ ደመወዝ የከፈላት ተቋም ለማግኘት ግን ዓመታት ፈጅቶባታል።) ነገሩ ኪሳራ አለው፦ ጡንቻ ግሉኮሱን ላክቴት ሲያደርግ 2 ኤቲፒ (የሕዋስ የጉልበት ሳንቲም በሏት) ያገኛል፣ ጉበት መልሶ ሲሠራው 6 ያወጣል። ይህችን ሂሳብ ያዙልኝ፣ ቦርጩ ጋ ስንደርስ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ እማዬ ጠዋት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሰውነት ለመነሳት ይዘጋጃል። ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ከፍ ይላሉ፣ ጉበትም ስኳር እንዲለቅ ይገፋፉታል። ይህ በእኔም በእናንተም ላይ ይሆናል። ልዩነቱ ጤነኛ ሰው ጋ ቆሽት ትንሽ ኢንሱሊን ጨመር አድርጋ ጉበትን «በቃ» ትለዋለች፣ እሱም ይሰማል። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ጋ ጉበት ጆሮው ከብዷል። ኢንሱሊኑ እያለ እንኳ አይሰማም፣ መሥራቱን ይቀጥላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው ጉበቱ በሌሊት በሰዓት 7 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይለቃል። በስምንት ሰዓት እንቅልፍ ከ11 የሻይ ማንኪያ በላይ ማለት ነው፣ ያውም ጤነኛው። እንግዲህ ጆሮው የከበደው ጉበት ትንሽ ቢጨምርበት 126 የነበረው 161 ቢሆን ምን ይደንቃል? ማር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ነጥብ ቦርጭ ነው። ቦርጭ የስኳር ጎተራ ነው፣ ሲጾሙ ስቡ ቀልጦ ስኳር ይሆናል ይላል። ቆይ እንጂ፣ ስኳር በአፍ ብቻ ነው የሚገባው አላልክም ነበር? ሁለት አንቀጽ እንኳ አልራቀም!

ይሁን። ስብ ስኳር ይሆናል ወይ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ተማሪዎቼም በፈተና ይወድቁበታል። አንድ የስብ ሞለኪውል እንደ ባለ ሦስት ጣት መንሽ ናት። እጀታዋ ግሊሴሮል፣ ረጃጅሞቹ ጣቶቿ ፋቲ አሲድ። እጀታዋ ስኳር ትሆናለች። ጣቶቹ አይሆኑም። አንድ ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ቢፈርስ ከግሊሴሮሉ የሚገኘው ስኳር 100 ግራም ገደማ ነው፣ የቀረው ወይ ይቃጠላል ወይ ኪቶን የሚባል፣ ጉበት ከስብ የሚሠራው ሌላ ነዳጅ ይሆናል። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው። ፋቲ አሲድ ሲቆራረጥ ባለ ሁለት ካርቦን ቁራጭ ይሆናል። ስኳር መሥሪያው መንገድ ደግሞ የሚጀምረው ከባለ ሦስት ካርቦን ነው። ከሦስት ወደ ሁለት መውረድ ይቻላል፣ አንዷ ካርቦን በትንፋሽ ትወጣለች። ከሁለት ወደ ሦስት የሚመልስ ኢንዛይም ግን የሰው ልጅ የለውም። የተፈጨ ጤፍ ተመልሶ እህል አይሆንም፣ እንደዚያ ነው። በአሴቶን በኩል የምትሾልክ ቀጭን መንገድ አለች፣ እሷ ግን ለፈተና ጥያቄ እንጂ ለቦርጭ አትሆንም።

የሚገርመው ጉሎ ይህን ይችላል። አዎ፣ አጥር ሥር የሚበቅለው ጉሎ። ፍሬው ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። አፈር ውስጥ ገብቶ ሲበቅል ቅጠሉ ፀሐይ እስኪያገኝ ድረስ የሚበላው ያንን ዘይት ወደ ስኳር ቀይሮ ነው። ኮርንበርግ እና ቢቨርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ይህ እንዴት እንደሚሆን ያሳዩት በጉሎ ፍሬ ላይ ነበር። ዕፅዋት እኛ የሌለን አቋራጭ መንገድ አላቸው። ስለዚህ የጸሐፊው ቦርጭ የጉሎ ፍሬ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር።

ታዲያ ስብ ሥራ የለውም? ትልቅ ሥራ አለው። ያቺን ሂሳብ አስታውሱ፣ ጉበት ስኳር ለመሥራት 6 ኤቲፒ የሚያወጣባትን። ያንን ወጪ የሚሸፍነው ስብ ነው። ስቡ ራሱ ስኳር አይሆንም፣ ስኳር መሥሪያው ምድጃ ሥር የሚነድ ማገዶ ነው።

ስለ ሥጋ የተጻፈውን ቶሎ ልለፈው። ፕሮቲን ስኳር ስለሚሆን ጥብስ መብላት ኬክ ከመብላት አይለይም ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ከሊዩሲንና ከላይሲን በቀር ሌሎቹ በሙሉም በከፊልም ስኳር መሆን ይችላሉ። ግን መቻልና መሆን ለየቅል ነው። ጉበት ስኳር የሚሠራው ጥሬ ዕቃ ስለመጣለት ሳይሆን ሆርሞኖቹ ሥራ ሲሉት ነው። አንድ ሰሃን ጥብስ የበላ ሰው ስኳሩ በትንሹና ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ከጥብሱ ጋር የጠቀለለው እንጀራ በጣም ይበልጠዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ብዙ ሥጋ ሲበላ ከሰዓታት በኋላ ጭማሪ ሊያይ ይችላል፣ ያ እውነት ነው። ኬክ ግን አይደለም።

ስለ ጾም የጻፈው ብዙ ሰው ያስደነገጠው ይመስለኛል። ከ24 ሰዓት በላይ ያልበላ ሰው ሰውነቱ ጡንቻውንና ልቡን መብላት ይጀምራል ይላል።

እስቲ ስቅለትን አስቡ። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የቀመሱ፣ ከዚያ እስከ ትንሣኤ ሌሊት አክፍለው እህል ውሃ ሳይሉ የሚቆዩ ሰዎች አሉ። ከ50 ሰዓት በላይ ነው። አርብ ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ውለው፣ ቅዳሜ ሌሊት ቆመው አድረው፣ ዶሮ ሲጮኽ ይገድፋሉ። አያቴ ሰባ ዓመት እስኪያልፋት ታከፍል ነበር። ያ ሁሉ ስግደት በምን ስኳር ሆነ? የጉበት ክምችት እኮ ቅዳሜ ጠዋት ተንጠፍጥፎ አልቋል። በጤነኛ ሰዎች ላይ ተለክቷል፦ ከ14 ሰዓት ጾም በኋላ ደም ውስጥ ከሚገባው ግሉኮስ ግማሽ ያህሉ አዲስ የተሠራ ነው፣ ከ22 ሰዓት በኋላ ሁለት ሦስተኛው፣ ከ42 ሰዓት በኋላ ከ90 በመቶ በላይ። ቅዳሜ ማታ ቤተ ክርስቲያን የቆመ አክፋይ ከሞላ ጎደል ጉበቱና ኩላሊቱ በሠሩት ስኳር ነው የቆመው።

ጡንቻስ? ይነካል፣ አልዋሽም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን 75 ግራም ያህል ፕሮቲን ይፈርሳል፣ ጡንቻ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በሥጋ ሲቆጠር 300 ግራም ገደማ ይሆናል። በዚያው ቢቀጥል ሰው በአጭር ጊዜ ያልቅ ነበር። ግን አይቀጥልም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቦስተን ውስጥ ጆርጅ ካሂል እና ባልደረቦቹ በጣም ወፍራም የሆኑ ፈቃደኛ ሰዎችን ሐኪም ቤት አስተኝተው አምስትና ስድስት ሳምንት ያለ ምግብ ተከታተሏቸው። በ1967 ያሳተሙት ውጤት የሕክምና መጻሕፍትን አስቀየረ፦ አንጎል ግሉኮስ ብቻ ነው የሚበላው ሲባል የኖረው ስህተት ነበር፣ በረጅም ጾም ጊዜ ከሚፈልገው ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከኪቶን ይወስዳል። አንጎል ስኳር መጠየቁን ሲቀንስ ጉበትም ከጡንቻ መጠየቁን ይቀንሳል። የፕሮቲኑ ኪሳራ በቀን ወደ 20 ግራም ይወርዳል። ኩላሊትም ያኔ ሥራውን ከጉበት ጋር እኩል ሊጋራ ይደርሳል። ሰውነት ሥጋውን ይቆጥባል እንጂ በ24ኛው ሰዓት ልቡን አይበላም።

(ይህን አንብቦ አምስት ሳምንት ልጹም የሚል እንዳይመጣ። እነዚያ ሰዎች ሐኪም አጠገባቸው ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለአክፍሎት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ሳያነጋግር አይነሳም።)

አንጎል ስኳር ስለሚፈልግ ጠዋት ጠዋት ስኳር መላስ ያስፈልጋል የምትለዋን በላም ልመልሳት። ላም ገለባና ሣር ትበላለች። በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የምትበላውን ቀድመው ያብላሉትና ለእሷ የሚተርፋት በዋናነት አሲድ ነው። ከእነዚያ አንዱ ፕሮፒዮኔት ይባላል። የላም ጉበት ከሱ ግሉኮስ ይሠራል፣ ጡቷ ደግሞ ከግሉኮሱ የወተት ስኳር። በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ 45 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ ላሚቱ ግን አንድ ማንኪያ ስኳር ሳትልስ ነው። አንጎላችን ግሉኮስ ደም ውስጥ መኖሩን ነው የሚፈልገው፣ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

አሁን አደገኛው ነጥብ። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ መለኪያ አረቄ ስኳር ያወርዳል ይላል። የሚያስፈራው ነገር፣ ይህኛው እውነት መሆኑ ነው። ያወርዳል። ገድሎም ሊያወርድ ይችላል። ጉበት አልኮል ሲመጣበት ሌላውን ሥራ ትቶ እሱን ማጥራት ይጀምራል፣ በዚያ መሐል ላክቴትንም አሚኖ አሲዶችንም ወደ ስኳር የሚያስኬደው መንገድ ይዘጋል። ሆዱ ሙሉ የሆነ ሰው ከምግቡና ከክምችቱ ስለሚያገኝ ላይሰማው ይችላል። ከትናንት ጀምሮ ያልበላ ሰው ግን ክምችቱ አልቋል፣ አዲስ መሥሪያው ተዘግቷል፣ የቀረው ነገር የለም። በላዩ ላይ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን ወይም ኢንሱሊን ወስዶ ከሆነ አስቡት። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል። ከጎኑ ያለው ሰው አረቄው ይሸተውና «ሰክሮ ነው፣ ተውት ይተኛ» ይላል። ያ እንቅልፍ ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ነገር ስጡት፣ ካልቻለ አፉ ውስጥ ምንም ሳትከቱ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

የመጨረሻው መድኃኒት ነው። ሜትፎርሚን ከምግብ ላይ ስኳር የሚበላ ክኒን ስለሆነ ያልበላ ሰው መዋጥ የለበትም ይላል። በዚህ እንኳ ብዙም አልፈርድበትም፣ ስሙ ራሱ ነው ያሳሳተው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ሰው ላይ ሞክሮ ሲያስተዋውቀው ግሉኮፋጅ አለው፣ ስኳር በሊታ እንደማለት። አሜሪካ እንኳ የፈቀደችው በ1994 ነው። ግን ስኳር አይበላም። ዋናው ሥራው ጉበት ላይ ነው፣ ያንን ሌሊት ሌሊት ስኳር የሚሠራውን ጉበት ቀዝቀዝ ያደርገዋል። በትክክል የትኛውን ብሎን እንደሚያጠብቅ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፣ ጉበት ላይ መሥራቱ ግን አያከራክርም። ስለዚህ አልበላሁም ብሎ መተው ማለት ጉበትን ልጓም ፈትቶ መልቀቅ ነው። በጾም ጊዜ ሰዓቱንና መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪም ነው፣ ቴሌግራም አይደለም።

ያልበላ ሰው ኢንሱሊኑን ይተወው የምትለዋማ ከሁሉ ትከፋለች። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ዓይነት አንድ ስኳር የያዛቸው ልጆች የሚታከሙት በረሃብ ነበር። በቀን ትንሽ ነገር ብቻ እየተሰጣቸው። የጸሐፊው ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ እነዚያ ልጆች ይድኑ ነበር። ጥቂት ወራት፣ ቢበዛ ጥቂት ዓመታት ተራዘመላቸው እንጂ አልዳኑም። እ.ኤ.አ. ጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን ኢንሱሊን የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን 14 ዓመቱ ነበር፣ ክብደቱ 30 ኪሎ አይሞላም። ይህን ያህል ከስቶም ስኳሩ ከፍ ያለ ነበር። ከየት መጣ? «በቃ» የሚለው ያጣ ጉበት የልጁን ሥጋ እየቆረጠ ስኳር ይሠራ ነበር። ኢንሱሊኑ ሲገባ ስኳሩ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ 13 ዓመት ኖረ።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ በድምፅ ላኩለት፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። አልሰማውም መሰለኝ። የእማዬ ሐኪም ግን የጠዋቱን ቁጥሮች መዝገብ አይታ መድኃኒቷን አስተካከለችላት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠዋት ጠዋት 120ዎቹ ውስጥ መግባት ጀመረች። ያን ቅዳሜ ቁልፉን ይዤ ሄጄ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። ይቅርታም ጠየቅኳት። እማዬ ቁልፉን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች፣ ቡና አፈላች፣ ሁለተኛው ሲወርድ ቀና ብላ «ታዲያ ማሩን ማን በላው?» አለችኝ።

ክረምቱን ጉሮሮዬን አሞኝ ሰንብቶ ነበር። በየጠዋቱ ሻይ ውስጥ አንድ አንድ ማንኪያ።